ኑሮ በዘዴ፤ የኪራይ ክፍል በመርፌና በክር ሲያምር

አዲስ ትዳር የመሠረቱ ባልና ሚስት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስባቸው የቤት ዕቃ ነው። አልጋውንም፥ ወንበሩንም፥ ምንጣፉንም፥ መጋረጃውንም ባንድ ቀን ከሱቅ ገዝተን ቤቱን እንሙላ ሲሉ በጋብቻቸው መጀመሪያ ዓመት ዕዳ ውስጥ የሚገቡ ጥቂቶች አይደሉም። ከአገራቸው ርቀው የሰው ቤት ተከራይተው ለሚኖሩት ደግሞ ሐሳቡ እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ ዛሬ ቀለም ቀብተው ያሳመሩትን ክፍል ነገ ባለቤቱ ልቀቁልኝ ሊላቸው ይችላልና። «ኑሮ በዘዴ፥ ጸሎት በጓዳ» የሚለው ተረት እንዲህ ላለው ቤተ ሰብ የተነገረ ይመስላል።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳስብ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። በኪራይ ክፍል የሚኖር ወጣት ቤተ ሰብ ያለውን ጥቂት ገንዘብ በግድግዳ ላይ ከሚያፈሰው ይልቅ በጨርቅ ላይ ቢያውለው ይጠቀማል። ግድግዳው የባለቤቱ ነው፤ ጨርቁ ግን የራስ ነው። ይታጠባል፥ ይታጠፋል፥ በሻንጣ ይገባል፤ ካንዱ መስኮት ወርዶ በሌላው መስኮት ይሰቀላል፤ ሲያረጅም ለሌላ ሥራ ይውላል።

ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን በካርቱም ከተማ የሚገኘውን የዐማራትን ሠፈር እንመልከት። ስሙን ሲሰሙ ከአማራ ሕዝብ ስም ጋር የተያያዘ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ቃሉ የዐረብኛ ነው፤ ትርጓሜውም ሕንጻዎች ወይም ፎቅ ቤቶች ማለት ነው። ሠፈሩ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ምዕራብ ይገኛል፤ መንገዶቹም 15ኛ፥ 41ኛ፥ 61ኛ እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። በዚህ ሠፈርና ከዚያ በማይርቀው በደይም እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩና ይሠሩ ነበር። አንዳንዱ በቢሮ፥ አንዳንዱ በምግብ ቤት ይሠራ ነበር፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ በሰው ቤት ተቀጥረው ወይም በመንገድ ዳር ሻይ አፍልተው እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር።

ይህ ኑሮ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ተናጋ። ዕለቱ ለኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የትንሣኤ ዋዜማ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ለእስላሞችም የረመዳን ጾም መጨረሻ ሳምንት ነበር። በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኀይል በሚባለው ጦር መካከል ውጊያ ተነሣ፤ በአውሮፕላን ማረፊያውም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ተኩስ ሆነ። ሕዝቡ ከከተማይቱ ሲወጣ፥ ከስደተኛው አንዱ ክፍል በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ፤ ሌላውም ወደ ፖርት ሱዳንና ወደ ግብፅ ሄደ። እንዲህ ባለው ቀን ቁም ሣጥን የሚሸከም ሰው የለም። የሚወሰደው ልጅ፥ ወረቀት፥ ጥቂት ምግብና በአንሶላ የተቋጠረ ልብስ ነው። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ሠራዊት ቤተ መንግሥቱንና አውሮፕላን ማረፊያውን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ካርቱም መመለስ የጀመሩ ሰዎች ብዙውን ቤት ተዘርፎ አገኙት። እንግዲህ ወደ ቀድሞ ሠፈሩ የተመለሰውም፥ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ አንድ ክፍል የተከራየውም ቤተ ሰብ፥ ሁለቱም የሚጀምሩት ከባዶ ክፍል ነው። ባዶውን ክፍል በትንሽ ወጪ ቤት ለማድረግ የሚረዱ ጥቂት ሥራዎች ከዚህ ቀጥሎ ተገልጸዋል።

ከመጋረጃ እንጀምር። መጋረጃ ከመልኩ በፊት ሥራው ይታሰብ። በካርቱም በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ሀቡብ የሚባለውም የአቧራ ማዕበል ከተማይቱን የሚያለብስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚያ አገር መጋረጃ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ጥላም ወንፊትም ነው። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ጨርቅ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፤ ጥቁርና ደማቅ ቀለም ግን ሙቀት ይስባል፥ በፀሐይም ቶሎ ይለቃል። ለዚህ ሥራ አቡጀዲ ወይም ደሙሪያ የሚባለው የሱዳን ሻካራ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። አዲስ የጥጥ ጨርቅ በውኃ ስለሚሸበሸብና ስለሚያጥር፥ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ ያድር፤ ከደረቀም በኋላ ይተኮስ።

ልኬቱ እንዲህ ነው። የመስኮቱ ቁመት 1 ሜትር ከ40፥ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በቁመቱ ላይ ለገመዱ መግቢያ 8፥ ከመስኮቱ በታች ለሚወርደው 10፥ ለታችኛው እጥፋት 12 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል፤ ጠቅላላው 1 ሜትር ከ70 ይሆናል። የጨርቁ ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፥ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ70 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ግራና ቀኝ ሆነው መስኮቱን በልክ ሸብሸብ አድርገው ይሸፍኑታል። የሚገዛው እንግዲህ 3 ሜትር ከ40 ብቻ ነው። የታችኛውን እጥፋት ሰፊ ያደረግነው በከንቱ አይደለም፤ የሚቀጥለው ቤት መስኮት ረዘም ያለ እንደ ሆነ ስፌቱን ፈትቶ ማስረዘም ይቻላል። መቀሱ ከመነሣቱ በፊት ልኬቱ ሁለት ጊዜ ይታይ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና። የከሰል ምድጃ ባለበት ማዕዘን ግን ጨርቅ ከቶ አይሰቀል።

ሁለተኛው ሥራ የመቀመጫ ነው። በሱዳን ዐንገረብ የሚባል በገመድ የተጠለፈ የእንጨት አልጋ አለ፤ ከእኛ የጠፍር አልጋ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የእኛው በጠፍር መሠራቱ ብቻ ልዩ ያደርገዋል። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ቤተ ሰብ ሌሊት የሚተኛበትን አልጋ ቀን እንግዳ ይቀበልበታል። አልጋው ባንድ ቀለም ልብስ ከተሸፈነና በግድግዳው በኩል ሦስት ትራስ ከተደረደረለት መቀመጫ መሆኑ ያምርበታል። ትራሱን ለማልበስ 42 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ይበቃል። ሁለቱ አጫጭር ጫፎች በየ2 ሳንቲ ሜትር ይዘመዘማሉ። ከዚያም ጨርቁ ግልባጩ ወደ ውጭ ሆኖ ይታጠፋል፤ ጫፎቹም በጀርባው ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲደራረቡ ይደረጋል። ግራና ቀኙ በ1 ሳንቲ ሜትር ሲሰፋና ሲገለበጥ፥ ቁልፍም ዚፕም የማያስፈልገው የ40 ሳንቲ ሜትር የትራስ ልብስ ይሆናል። ለመሙያው የተነደፈ ጥጥ ባይገኝ፥ ታጥቦ በደቃቁ የተቆራረጠ አሮጌ ጨርቅ ይሆናል።

ሦስተኛው የልጆች ልብስ ነው። የአባት ሸሚዝ ቀድሞ የሚያልቀው በኮሌታው ላይ ነው። ኮሌታው ብቻ ያለቀ እንደ ሆነ፥ ስፌቱን በጥንቃቄ ፈትቶ፥ ኮሌታውን ገልብጦ መልሶ መስፋት ለሸሚዙ ሁለተኛ ዕድሜ ይሰጠዋል። ክርኑም ያለቀ ከሆነ ግን ሸሚዙ ለልጅ ይተላለፍ። ጀርባው ሰፊና ያልተጎዳ ስለ ሆነ ለሕፃን ቀሚስ ፊት ለፊቱን ያወጣል፤ ቁልፍና ቁልፍ መግቢያ ያለበት የሸሚዙ ደረት ደግሞ ለቀሚሱ ጀርባ ይሆናል፤ እናቲቱም አዲስ ቁልፍ መግቢያ ከመሥራት ትድናለች። በቀሚሱ ታችኛ ክፍል በውስጥ በኩል የ3 ሳንቲ ሜትር እጥፋት ተሰፍቶ ቢቆይ፥ ልጅቱ ስታድግ ሲፈታ 6 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይሰጣል። ማንኛውንም ነገር ወደ አፉ ለሚወስድ ሕፃን ግን ትናንሽ ቁልፎች አደገኞች ስለ ሆኑ፥ በጨርቅ ማሰሪያ ይተኩ።

የሱዳን ሴቶች የሚያጣፉት ቶብ ርዝመቱ ወደ 4 ሜትር ተኩል ይደርሳል። የጥጥ ቶብ ሲያረጅ እንደ አሮጌ ነጠላ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ያልሳሳው ክፍል ተመርጦ ለአራስ ልጅ መጠቅለያና አንሶላ ቢሆን፥ ከአዲስ ጨርቅ ይልቅ ለሕፃን ገላ ይመቻል። ጎረቤት አሮጌ ቶቧን ስትሰጥ መቀበል ነውር አይደለም፤ እርስዋም በበኩልዋ አንድ የትራስ ልብስ ቢሰፋላት ጉርብትናው ይጠነክራል።

አራተኛው የእራፊ ጨርቅ ሥራ ነው። በእኛ ዘንድ ድሪቶ የሚለው ቃል የድኽነት ምልክት ሆኖ ይነገራል፤ ሰውም ድሪቶ ለበሰ እንዳይባል እራፊውን ሁሉ ይጥላል። ዳሩ ግን ድሪቶን ከጥበብ ሥራ የሚለየው ሥርዐት ብቻ ነው። እራፊዎቹ ባንድ ልክ ከተቆረጡና ፈዛዛውና ደማቁ እየተፈራረቀ ከተሰፋ፥ የሚታየው ችግሩ መሆኑ ይቀርና የእጅ ሙያው ይሆናል። ለልጅ አልጋ ልብስ ጎንና ጎናቸው 16 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 63 እራፊዎች ይቆረጡ። 7ቱ በወርድ፥ 9ኙ በቁመት በየ1 ሳንቲ ሜትር ሲጋጠሙ፥ ዳር ዳሩም ሲታጠፍ፥ 98 በ126 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልብስ ይወጣል፤ ከበታቹም አቡጀዲ ይለበጥበታል። ወፍራም ካኪ ከስስ ጨርቅ ጋር አይደባለቅ፤ ወፍራሙ ስሱን ይቀደዋልና። አንድ እራፊ ከአባት ሸሚዝ፥ አንዱ ከእናት ቀሚስ፥ አንዱም ከአያት ነጠላ ቢሆን፥ ልጁ ስለ ቤተ ሰቡ ብዙ ነገር ከአልጋው ላይ ሆኖ ሊማር ይችላል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት የስፌት መኪና የግድ አያስፈልግም፤ መርፌ፥ ክር፥ መቀስና የልኬት ሜትር ይበቃሉ። መኪና ያለው ሰው ግን በአቧራማ አገር ሲኖር ሥራው ባበቃ ቁጥር ይጥረገው፥ ይሸፍነው፥ ዘይትም አይንፈገው። በትክክል ቢታሰብ መርፌ የሴት ብቻ ነው የሚያሰኝ ምክንያትም የለም። በአገራችን ጥጡን የምትፈትለው ሴት ስትሆን፥ በልማድ ሸማውን የሚሠራው ወንድ ነው፤ በከተሞቻችንም በየሱቁ በረንዳ መኪናውን የሚያሽከረክረው ልብስ ሰፊ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። በካርቱምም ተርዚ የሚባለው ልብስ ሰፊ እንደዚሁ ነው። እንግዲህ ገበያ ላይ ለወንድ ክብር የሆነ ሥራ በቤቱ ውስጥ ነውር የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ባል ልኬቱን ቢይዝና ቢቆርጥ፥ ሚስት ብትዘመዝም፥ መጋረጃው በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።

አማርኛ በማጥናት ላይ ላሉት አንባቢዎቻችንም አንድ ነገር እንጨምር። ዝምዝማት፥ እጥፋት፥ ግልባጭ፥ እራፊ፥ ሸብሸብ የሚሉት ቃላት በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ አይገኙም፤ የቋንቋው ሙቀት ግን ያለው በእንደነዚህ ባሉት የጓዳ ቃላት ውስጥ ነው። ዝምዝማት የጨርቁ ጫፍ እንዳይተረተር ታጥፎ የሚሰፋበት ነው፤ እራፊም ከልብስ የተረፈ ወይም ከአሮጌ የተቀደደ ቁራጭ ነው። አንድ ሹም ከጎረቤቱ እመቤት ጋር ስለ መጋረጃ መነጋገር የቻለ ዕለት፥ ቋንቋውን ከወረቀት ወደ ቤት አገባው ማለት ነው።

በመጨረሻም፥ ሀብት ሁለት ዐይነት መሆኑን ወጣት ባለትዳሮች እንዲያስተውሉ እንለምናለን። አንደኛው ተዘርፎ፥ ተቃጥሎ ወይም በኪራይ ቤት ተትቶ የሚቀር ነው፤ ሁለተኛው በእጅ ውስጥ ያለ ሙያ ነው። ከዐማራት የወጣች እናት መጋረጃዋን ጥላ ሄዳ ይሆናል፤ መጋረጃ መስፋቱን ግን ማንም አልወሰደባትም። ሦስት ሜትር ከአርባ አቡጀዲ በተገኘ ጊዜ፥ በየትኛውም ከተማ፥ በየትኛውም መስኮት ላይ ቤቷን እንደ ገና ትሰቅለዋለች። ስለዚህ ወላጆች ለልጆቻቸው፥ ለወንዱም ለሴቲቱም፥ ከፊደል ቀጥሎ መርፌ መያዝን ቢያስተምሩ መልካም ነው።