ፍየልና ማሽላ፤ ስለ እርሻ ምጣኔ ሀብት ምርምር ጥቅም

የእርሻ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ዝናብ፥ ስለ ዘርና ስለ በሬ ነው። ነገር ግን ገበሬው ያመረተው፥ አርብቶ አደሩም ያረባው ሀብት በገበያ ምን እንደሚያወጣለት የሚመረምር ትምህርት አለ፤ ይኸውም የእርሻ ምጣኔ ሀብት ይባላል።

ጥቅሙን ለመረዳት የድሬዳዋን ገበያ መመልከት ይበቃል። የቆላው አርብቶ አደር ፍየሉን ነድቶ መጥቶ ይሸጣል፤ በዋጋውም ከደጋ የወረደውን ማሽላ ይሸምታል። ስለዚህ ኑሮው በመንጋው ብዛት ብቻ ሳይሆን አንድ ፍየል በሚያወጣው እህል ልክ ይመዘናል። በምሳሌ ብንናገር፥ አንድ ኩንታል ያወጣ የነበረው ፍየል ግማሽ ኩንታል ብቻ ቢያወጣ፥ አሥር ፍየል ያለው ሰው አንድም ሳይሞትበት አምስቱ እንደ ሞቱበት ይቆጠራል።

ይህ ነገር በ1966 ዓ.ም. ድሬዳዋ በነበረችበት በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት በእውነት ደርሷል። በድርቁ ከብቱ አለቀ፤ የተረፈውም ከስቶ፥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለሽያጭ ስላወጣው፥ በእህል ሲመዘን ዋጋው ወደቀ። አርብቶ አደሩም ሁለት ጊዜ ተጎዳ። ከዚያ አስቀድሞ በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲራብ፥ የእህል ዋጋ በደሴ ገበያ ብዙ አልጨመረም ነበር፤ አዝመራው የጠፋበት ገበሬ መግዣ አልነበረውምና። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱንም መርምሮ፥ ረኃብ የሚመጣው እህል ከአገር ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን ሰው እህል የሚያገኝበት አቅም ሲያጣም እንደ ሆነ አስረድቷል።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፥ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በእርሻ ኮሌጅነት የተጀመረው፥ ይህንን ትምህርት ያስተምራል። ሆኖም ሊቃውንቱ ያለ መዝገብ ሊመረምሩ አይችሉም፤ የምርምሩም የወደፊት ዕድል በወረዳው ጸሐፊ እጅ ነው።

ስለዚህ የእርሻ ሹማምንት ሆይ፥ በየሳምንቱ በአንድ የገበያ ቀን የፍየሉንና የማሽላውን ዋጋ ጎን ለጎን ጻፉ። መስፈሪያው አይለዋወጥ፤ የእንስሳውም ዕድሜና ውፍረት ይመዝገብ። የእህሉ ዋጋ አልጨመረም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ፍየሉ ምን ያህል እህል እንደሚያወጣ ጠይቁ። ልኩ መውረድ ሲጀምር ለበላይ አካል ማስታወቅ ይገባል፤ የተራበው ሰው ከደጃችሁ እስኪደርስ መጠበቅ ግን መዘግየት ነው።