ተራና ተሰላፊ፤ ስለ ሰልፍ ሥርዓትና ፍትሕ

የሰልፍ ነገር ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰው እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ውሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ነዋሪ፣ የሰበታው አየር ጤና፣ የቡራዩው አስኮ፣ የሱሉልታው አዲሱ ገበያ ላይ ቆሞ ማታ ማታ ተራውን ይጠብቃል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ይጠቃለሉ እንጂ መንገዳቸው እንደ ድሮው ሦስት ነው፤ የጅማው፣ የአምቦውና የጎጃሙ። በእሑድና በበዓል ቀን ደግሞ ሰልፉ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። ልጆቹን አስከትሎ ቦሌ ወደሚገኘው ቦራ መጫወቻ፣ በ2012 ዓ.ም. ወደተከፈተው አንድነት ፓርክ ወይም በ2013 ዓ.ም. ወደተከፈተው እንጦጦ ፓርክ የሚሄድ ወላጅ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከተሰለፈበት ሰልፍ ወጥቶ ሌላ ሰልፍ ይገባል። ለቲኬት ሰልፍ፣ ለመጫወቻው ሰልፍ፣ ለመጸዳጃ ቤቱም ሰልፍ!

ለመሆኑ ሰልፍ ምንድን ነው? ቃሉ በግዕዝ የጦርነት ቃል ነው፤ ለውጊያ የተደረደረ ሠራዊትን ያስታውሳል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤታችን መስመሩን «ሂሪራ» ይለዋል፤ ተራውን ደግሞ «ደበሬ»። ሁለቱን መለየቱ ደግ ነው። መስመር ሠርቶ መቆም አንድ ነገር ነው፤ ተራ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። በመስመር የቆመ ሁሉ ተራ ይከበርለታል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ወፍጮ ቤት ሄዶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሰዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው እየተጫወቱ ኬሻዎቹ ብቻ ተደርድረው ተራው ሳይዛነፍ ሊሄድ ይችላል።

በባህላችን ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣ ሳይሆን ለትልቅ ነው። ግብዣ ላይ እጅ የሚያስታጥብ ልጅ ከሽማግሌው ይጀምራል፤ የቡናው የመጀመሪያ ሲኒ ለትልቅ ሰው ይቀርባል፤ ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ተብሎ ይነሣለታል። ይህ መልካም ነው፤ ማንም ተነሥቶ ይቅር አይልም። ነገር ግን ግብዣ ቤት ውስጥ ወጡም ቡናውም ለሁሉ ይደርሳል። ሽማግሌው ስለቀደሙ ጦሙን የሚያድር የለም። የታክሲ ሰልፍ ግን ለሁሉም ላይደርስ ይችላል። ሰልፍ ያስፈለገውም የሚታደለው ነገር ከፈላጊው ስላነሰ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል፤ በየ10 ደቂቃውም አንድ ሚኒባስ ይመጣል እንበል። 60 ሰው ተሰልፏል። የመጀመሪያው መኪና ከ10 ደቂቃ በኋላ ቢደርስ፣ 60ኛው ሰው በአምስተኛው መኪና፣ ማለትም በ50ኛው ደቂቃ ይሳፈራል። አሁን አንድ ሰው መጣና ከኋላ 61ኛ ሆኖ እንደመቆም፣ «ከሷ ጋር ነኝ» ብሎ ፊት ገባ። ማን ተጎዳ? ብዙዎቻችን «ሁሉም ተጎዳ» እንላለን። እውነቱ ግን ከዚያ የተለየ ነው። 2ኛው፣ 3ኛው፣ እስከ 11ኛው ድረስ ያሉት ያው በመጀመሪያው መኪና ይሄዳሉ። መኪናው ያመለጠው 12ኛው ነው። እሱ ወደ ሁለተኛው መኪና ሲተላለፍ 24ኛው ወደ ሦስተኛው ይገፋል፤ ከዚያ 36ኛው፣ 48ኛውና 60ኛው። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 10፣ 10 ደቂቃ ከሰሩ፤ በጠቅላላው 50 ደቂቃ። ገቢው ሰውዬስ ምን አተረፈ? በ60ኛው ደቂቃ የሚሳፈረው በ10ኛው ተሳፈረ፤ 50 ደቂቃ። ሳንቲም ሳይጎድል! እሱ ያተረፈው ሰዓት ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከአምስት ሰው ኪስ የተወሰደ ነው። 60ኛዋ ሴት ደግሞ፣ ስድስተኛው መኪና ካልመጣ፣ የሚቀርባት 10 ደቂቃ ብቻ አይደለም። ወይ ኮንትራት ትይዛለች፤ ወይ በእግሯ በጨለማ ትሄዳለች።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ተራ ሲጣስ በዐይናቸው የሚያዩት ፊት ያሉት ናቸው። እነሱ ግን፣ ከ12ኛው በቀር፣ የሚቀርባቸው ስለሌለ «ምን አገባኝ» ብለው ዝም ይላሉ። የሚጎዱት ኋላ ያሉት ደግሞ አያዩም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስታንሊ ሚልግራም ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ነገር ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ፈትኖት ነበር። ረዳቶቹን ሆን ብሎ ወደ 129 ሰልፎች መሐል እያስገባ ተሰላፊው ምን እንደሚያደርግ አስመዘገበ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1986 ታተመ። በብዛት የተቃወመው ገቢው ከፊቱ የተደነቀረበት፣ ወዲያው ከኋላ ያለው ሰው ሆኖ ተገኘ። እሱ ዝም ካለ ሌሎቹም አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላሉ። ሁለት ሰዎች ተያይዘው ሲገቡ ግን ተቃውሞው በጣም ይበረታል። ስለዚህ ከገቢው ቀጥሎ የቆመ ሰው፣ ፈለገም አልፈለገም፣ የኋለኞቹ ሁሉ ጠበቃ ሆኗል ማለት ነው። «አባቴ፣ መጨረሻው እዚያ ጋ ነው» ማለት ስድብ አይደለም፤ ጠብም አይፈልግም።

እንግዲህ «ተራ አስከባሪ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ። ነገር ግን ስሙን ልብ በሉ፤ በመጀመሪያ የሚያስከብረው የመኪኖቹን ተራ ነው፤ ገንዘቡንም የሚቀበለው ከሾፌሮቹ ነው። የተሳፋሪውን ተራ ቢያስከብር በጎ ፈቃዱ ነውና ይመስገን፤ በሱ ተማምኖ መቆም ግን አይበቃም። በተለይ ሾፌሩ ታፔላውን አውልቆ «ኮንትራት! እጥፍ የሚከፍል!» ሲል፣ ተራው በገንዘብ እየተሸጠ ነው። የተሸጠውም የሾፌሩ ተራ ሳይሆን የተሰላፊው ነው።

ይኸው የገንዘብ ነገር የሌላውም አገር ጭቅጭቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተው ዲዝኒላንድ ሰልፉን ቀጥ አድርጎ ከመዘርጋት ይልቅ ማጠፍ፣ መጠምዘዝ፣ በጥላና በሚታይ ነገር ማሳለፍ ያስተማረ መናፈሻ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ጎብኚው በተወሰነለት ሰዓት ተመልሶ በአጭር ሰልፍ የሚገባበትን ወረቀት ለሁሉም በነፃ ማደል ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ግን አጭሩ ሰልፍ በገንዘብ ሆነ። የከፈለው ሲያልፍ ያልከፈለው ቆሞ ያየዋል። ባለቤቶቹ «የንግድ ሥራ ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ ይሁን። ልጁን «ተራህን ጠብቅ» እያለ የሚያሳድግ አባት ግን በዚያ በር ላይ ለልጁ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ አይታየኝም።

ተራ የግድ በእግር ቆሞ ብቻ ይያዝ ማለትም አይደለም። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌዎችን ካቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና በራሽን ሲታደል፣ ሰው ድንጋይ ወይም ዘንቢል አስቀምጦ ተራ ይይዝ እንደነበር ወላጆቻችን ይነግሩናል። ቦኖ ውሃ ላይ ዛሬም ጀሪካኑ ይሰለፋል። ይኼ የኛ ብቻ አይደለም። ሊዮን ማን የተባለ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናቱ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ለእግር ኳስ ትኬት ሌሊቱን የሚሰለፉ ሰዎች ሣጥን እያስቀመጡና እየተፈራረቁ ተራቸውን እንደሚጠብቁ ገልጿል። ደንቡ በየአገሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ዕቃው የባለቤቱ ምትክ ነው፤ ባለቤቱ ግን ቶሎ መመለስ አለበት። ለአንድ ሰው አንድ ጀሪካን ፍትሕ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አምስት ጀሪካን ደርድራ ሄዳ በ2 ሰዓት የምትመለስ ጎረቤት ግን፣ መቼም ደግ ሴት ብትሆንም፣ የአራት ሰው ተራ ይዛለች። «ቦታ ያዝልኝ» የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ልጇን ሽንት ቤት ወስዳ ለምትመለስ እናት ቦታ መያዝ ተገቢ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ላለው ሰው ነግራ ትሂድ እንጂ። ገና ከቤቱ ላልወጣ ጓደኛ መያዝ ግን የሌላ ሰው ንብረት ማደል ነው።

ሁሉም «መግባት» ጥፋት አለመሆኑንም መርሳት አይገባም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል፤ ፊት ያሉት ባልና ሚስት ናቸው፤ መለያየት አልፈለጉም። ከኋላቸው ያለው ብቸኛ ሰው ቢገባ ማንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ወንበሩ ባዶ አይሄድም። በውጭ አገር መጫወቻዎች ለዚህ ሲባል ብቻቸውን ለመጡ ሰዎች የተለየ ሰልፍ ያዘጋጃሉ። እኛ ዘንድ ያለ ማስታወቂያ ሲሠራበት የኖረ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለታማሚና ለአካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይሰጥ ወይ? ይሰጥ! ግን የሚሰጠው ምን እንደሆነ እንወቅ። አንድ ጎረምሳ «እማማ፣ ከፊቴ ይግቡ» ሲል የሰጠው የራሱን ተራ ብቻ ይመስለዋል። እሱ ቦታውን ካለቀቀ ግን፣ ከላይ በቁጥር እንዳየነው፣ ከኋላው ካለው ሁሉ ነው የሰጠው። የራሱን መስጠት ከፈለገ ከእማማ ጋር ቦታ ይቀያየር፤ እሳቸው በእሱ ቦታ፣ እሱ በእሳቸው ቦታ። አለዚያም ዘወር ብሎ «ይለፉ ወይ?» ብሎ የኋለኞቹን ይጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ «ኧረ ይለፉ!» ነው መልሱ። መጠየቁ ግን የሰጪዎቹን ማንነት ያሳያል።

ቅድሚያ ሲበዘበዝም መልሶ የሚጎዳው የተቸገረውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በፍሎሪዳው ዲዝኒ መናፈሻ ሀብታም ቤተሰቦች አካል ጉዳተኛ «አስጎብኚ» እየቀጠሩ ሰልፍ እንደሚዘሉ ጋዜጦች ጻፉ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ደንቡን ለወጠ፤ አካል ጉዳተኛው ወዲያው ከመግባት ይልቅ የሰልፉን ርዝመት ያህል ሌላ ቦታ ተቀምጦ ጠብቆ በቀጠሮው እንዲመለስ ተደረገ። እንዲህ ቢሆን ተራ አይዘለልም፤ ቆሞ መድከሙ ብቻ ይቀራል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። አንድ ወንበርና አንድ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በሰበታ ክሊኒክ በርም ሊሠራ ይችላል።

ስለ ሰበታ ከተነሣ፣ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ መርሐ ዕውራን፣ እዚያ መኖሩን ሁላችን እናውቃለን። ነጭ ዘንግ የያዘ ተማሪ ታክሲ ተራ ላይ ሲቆም ሰልፉን የሚያየው በጆሮውና በእጁ ነው። ሰልፉ ሰልፍ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ከፊቱ ያለውን ተከትሎ ያለ ማንም እርዳታ ይሳፈራል። መኪናው ሲመጣ ሰልፉ ፈርሶ ግፊያ ከሆነ ግን እሱ መጨረሻ ነው። በግፊያ የሚያሸንፈው ጉልበተኛ ነው፤ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ሽማግሌና ዐይነ ስውር አያሸንፉም። እንግዲያው ለዐይነ ስውሩ ከሁሉ የበለጠው ውለታ እጁን ጎትቶ ፊት ማስገባት ሳይሆን ሰልፉ እንዳይፈርስ ማድረግ ነው። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ «ሁለት እርምጃ ሄዷል» ብሎ መንገርም ምንም አያስወጣም።

ነገ መምህራን ስንሆን አርባ ልጆች ይዘን መናፈሻ የምንሄድበት ቀን ይመጣል። አንድ መምህር ሰልፍ ይዞ ቆሞ፣ ተራው ሲደርስ አርባ ልጅ ከሣር ላይ ቢጠራ፣ ከኋላው ሦስት ልጅ ይዞ የቆመ አባት ምን ይሰማዋል? ፊቱ አንድ ሰው ነበር፤ አርባ አንድ ሆነ! ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው ይሰለፉ። የሚሻለው ደግሞ በአሥር በአሥር ከፍሎ አንዱ ቡድን መጫወቻው ላይ ሲሰለፍ ሌላው እንስሳቱን እንዲያይ፣ ሌላው ምሳውን እንዲበላ ማድረግ ነው። ከተቻለ ከእሑድ ይልቅ በሥራ ቀን መሄድ ነው። ከቡድኑ ፊት አንድ፣ ከኋላም አንድ ተጠሪ ይቁም። መጫወቻው 12 ሰው ቢይዝና ቡድኑ አሥር ቢሆን፣ ከኋላ ያሉትን ሁለት ልጆች «ኑ ግቡ» ማለት ነው።

መምህሩ ራሱም የሚታይ ሰው ነው። በትምህርት ቤት ውሃ ቧንቧ ላይ ሠላሳ ልጅ ተሰልፎ ሳለ መምህሩ መጥቶ እጁን ታጥቦ ቢሄድ፣ ልጆቹ የሚማሩት ተራ የታናናሾች ሥራ መሆኑን ነው። ቸኩሎ ከሆነ «ደወል ሊደወል ነው፤ ልቅደም?» ይበላቸው። ልጆች እንቢ አይሉም፤ ሲጠየቁ ግን ደስ ይላቸዋል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ይኸውም መዝጊያ ሰዓት ነው። ሰልፍ ላይ ከሁሉ የሚከፋው ለማይደርስበት ነገር አንድ ሰዓት መቆም ነው። መጫወቻው በ11 ሰዓት የሚዘጋ ከሆነ፣ በር ጠባቂው በ10 ሰዓት ላይ ሰልፉን ቆጥሮ ለመጨረሻው ሰው «አንተ ነህ መጨረሻው፤ ከኋላህ ለሚመጣ ንገርልን» ቢለው ስንት ልጅ ከማልቀስ ይድናል። ታክሲ ተራም ላይ እንዲሁ ነው። የመጨረሻው መኪና መሆኑን የሚያውቅ ረዳት ከ12ኛው ሰው በኋላ ላሉት በግልጽ ቢነግራቸው፣ ሳይመሽ ሌላ መላ ይፈልጋሉ፤ የአንድ መንገድ ሰዎችም ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ላይ ኮንትራት ይይዛሉ።