በቤታችን ቧንቧ ውስጥ የነበረው እርሳስ

ደብዳቤው የደረሰን ወንድ ልጃችንን በወለድኩ በአምስተኛው ሳምንት ነው። የላከው የዋሽንግተን ከተማ ውሃ ድርጅት ዲሲ ዋተር ነበር። «ወደ ቤታችሁ የሚገባው ቧንቧ ከእርሳስ የተሠራ ሊሆን ይችላል» ይላል። ባለቤቴ ጮክ ብሎ በአማርኛ ሲያነብልን የስምንት ዓመቷ ልጃችን ቀና አለችና «በእርሳስ? እኔ በምጽፍበት?» ብላ ጠየቀች።

አልፈረድኩባትም። በአማርኛ መጻፊያውም እርሳስ ነው፤ ብረቱም እርሳስ ነው። (በነገራችን ላይ፣ መጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ይባላል። እርሳሳችሁን የማኘክ ልማድ ካላችሁ በዚያ በኩል እንኳን አትስጉ።) የቧንቧው እርሳስ ግን ሌላ ነው፤ ከባድ፣ ግራጫ፣ በቀላሉ የሚታጠፍ ብረት።

እማዬ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። በውሃ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። በሰፈሯ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ በመጣ ቀን በርሜሉም ጀሪካኑም ይሞላል። እዚህ ስትመጣ ከሁሉ በላይ የገረማት ሌሊትም ቀንም የማይቋረጠው ውሃ ነው። ደብዳቤውን ስትሰማ ብርጭቆ ሞልታ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገችው።

«ይሄ እኮ ኩልል ያለ ውሃ ነው» አለች። «ከፈራችሁም አፈላላችኋለሁ።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እርሳስ በውሃ ውስጥ ሲኖር አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ እርሳስ ግን ሕይወት የለውምና አይሞትም። እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲቀንስ እርሳሱ እዚያው ይቀራል፤ በቀረው ውሃ ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። እማዬ ደግሞ አጥሚቱ ቶሎ እንዲፈላላት ብላ የምትቀዳው ከሙቅ ውሃው ነበር። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው የበለጠ እርሳስ ያሟሟል። የሕፃኑን የዱቄት ወተትም በዚሁ ስንበጠብጥ ከርመናል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እርሳስ በተለይ ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ ነው። የልጅን የአንጎል እድገት ይጎዳል፤ ትኩረትንና ትምህርትን ያውካል። ሐኪሞች «እስከዚህ ድረስ ችግር የለውም» የሚሉት መጠን የለም። በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ደግሞ አብዛኛው ምግቡ ውሃ ነው።

«ለመሆኑ እርሳስ ቧንቧ ውስጥ የሚከተው ማን ነው?» አለች እማዬ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ቤታችን የተሠራው በ1920ዎቹ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ እርሳስ ጥሩ ዕቃ ይባል ነበር። በእጅ ይታጠፋል፤ መሬት ሲንቀሳቀስ አይሰነጠቅም፤ ብዙ ዘመን ይቆያል። የጥንት ሮማውያንም ይጠቀሙበት ነበር። እንግሊዝኛው የቧንቧ ሠራተኛን «ፕላምበር» የሚለው ራሱ የእርሳስ የላቲን ስም ከሆነው «ፕላምበም» የመጣ ነው። አሜሪካ አዲስ የእርሳስ ቧንቧ መቅበርን የከለከለችው በ1986 ነው። ቀድሞ የተቀበረው ግን እዚያው ቀረ።

ውሃው ከፖቶማክ ወንዝ ተቀድቶ ተጣርቶ ሲወጣ ችግር የለበትም። በመንገዱ ሥር ያለው ትልቁ መስመርም የእርሳስ አይደለም። እርሳስ የሚሆነው ከትልቁ መስመር ተነስቶ ወደየቤቱ የሚገባው ቀጭኑ ቧንቧ ነው።

ታዲያ ሰው ለብዙ ዓመታት ሲጠጣበት እንዴት ዝም ተባለ? ይህን ለልጄ ያስረዳኋት በምጣድ ነው። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ ቢጋገርበት ይጣበቃል። ሲሟሽ ፊቱ ስስ ሽፋን ይይዛል። የእርሳስ ቧንቧም ከዓመታት በኋላ በውስጡ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ካልተነካ ውሃው ከእርሳሱ ጋር ብዙም አይገናኝም። በኖቬምበር 2000 በዋሽንግተን ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን በክሎራሚን ተተካ። ምክንያቱ ክፉ አልነበረም፤ ክሎሪን በውሃው ውስጥ የሚፈጥራቸውን ጎጂ ውህዶች ለመቀነስ ነበር። ነገር ግን ያ አሮጌ ሽፋን በአዲሱ ውሃ መሟሟት ጀመረ። አብዛኛው ሕዝብ ይህን ያወቀው በጃንዋሪ 2004 መጨረሻ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ሲጽፈው ነው። በዚያው ዓመት ኦርቶፎስፌት የሚባል ንጥረ ነገር ውሃው ውስጥ መጨመር ተጀመረ፤ ሥራው ቧንቧውን እንደገና «ማሟሸት» ነው። እስከ ዛሬም ይጨመራል።

ከዚያ ቁፋሮ መጣ፤ ግን ግማሽ ቁፋሮ። ከመንገዱ እስከ ግቢው ወሰን ያለው ቧንቧ የከተማው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው ተብሎ ከ10 ሺህ በሚበልጡ ቤቶች የተቀየረው የከተማው ድርሻ ብቻ ነበር። አሮጌ ቧንቧ ሲቆረጥ ይነቃነቃል፤ የተጣበቀበት እርሳስ እየተፈረፈረ ወደ ውሃው ይገባል። አዲስ መዳብ ከአሮጌ እርሳስ ጋር ሲገጠም ደግሞ እርሳሱ ይበልጥ ሊበላ ይችላል። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው። ገንዘቡም ወጣ፣ አፈሩም ተቆፈረ፣ እርሳሱም ቀረ። በ2019 ሥራ ላይ የዋለ የዲሲ ሕግ ይህን የግማሽ ቅየራ ገታው፤ ለባለቤቱ ድርሻም ድጎማ አመጣ።

የእኛ ቤት ከነዚያ አንዱ ይመስላል። ድርጅቱ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው ካርታ ላይ አድራሻችንን ስናስገባ በመንገዱ በኩል ያለው «መዳብ»፣ በቤቱ በኩል ያለው «የማይታወቅ» ይላል።

አንድ ከተማ ከመሬት በታች ያለውን ነገር የሚያውቅበት ዘዴ እኔ ካሰብኩት በላይ ተራ ነው። መጀመሪያ የድሮ ወረቀት ይገለበጣል፤ የግንባታ ፈቃድ፣ የጥገና መዝገብ፣ ቤቱ የተሠራበት ዓመት። ወረቀት ግን ይጠፋል፣ ይሳሳታልም። በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ፣ ከ2014 ጀምሮ ውሃው በእርሳስ ሲበከል፣ የቧንቧዎቹ መዝገብ የተገኘው 45 ሺህ በሚሆኑ ትናንሽ ካርዶች ላይ ነበር፤ አንዳንዱ በእርሳስ የተጻፈና የደበዘዘ። ልጄ ይህን ስትሰማ «እርሳስን በእርሳስ ጻፉት!» ብላ ሳቀች። በኋላ ተመራማሪዎች የተገኘውን መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው፣ የትኛው ቤት የእርሳስ ቧንቧ ሊኖረው እንደሚችል የሚገምት ሞዴል ሠሩ። ሞዴሉን ተከትለው ሲቆፍሩ ብዙውን ጊዜ እርሳስ ያገኙ ነበር። ሞዴሉ ወደ ጎን ተትቶ በተቆፈረበት ጊዜ ግን አብዛኛው ጉድጓድ መዳብ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ ዓይን የሚያየውን የሚተካ የለም፤ ወይ በቆጣሪው ጉድጓድ በኩል ይታያል፣ ወይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ወይ ባለቤቱ ራሱ ያያል።

እኛ ራሳችን አየን። ቅዳሜ ጠዋት ቤዝመንት ወረድን። ቧንቧው ከግድግዳው የሚወጣው ከካርቶኖች ጀርባ ነበር። ባለቤቴ የስልኩን መብራት ያዘ፤ ልጄ ከፍሪጁ ላይ የላሊበላ ሥዕል ያለበትን ማግኔት ይዛ መጣች። ሙከራው ቀላል ነው። ማግኔቱ ከተጣበቀ ብረት ነው። ካልተጣበቀ በቁልፍ ወይም በሳንቲም ቀስ ብሎ መፋቅ ነው፤ እንደ ፔኒ ቀላ ካለ መዳብ ነው። ፕላስቲክ መሆኑ ደግሞ ያለ ፍተሻም ይታያል። የእኛ ማግኔት አልያዘም፤ ወደቀ። ባለቤቴ በቁልፍ ፋቀው። ግራጫው ተላጠና ከሥሩ እንደ ብር የሚያበራ መስመር ወጣ። ማንም አልተናገረም። ፎቶ አንስተን ላክን፣ እጃችንን ታጠብን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የማጣሪያና የባልዲ ሳምንታት ነበሩ። እርሳስ ለመቀነስ የተመሰከረለት ማጣሪያ አመጣን፤ ሁሉም ማጣሪያ እርሳስ አይቀንስም፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ለመጠጥም ለምግብም ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ውሃው ለሰዓታት ከቆመ በኋላ ደግሞ ለደቂቃዎች ማፍሰስ አለብን። ይህ እማዬን አሳመማት። «አምስት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብሎ ይፍሰስ?» እያለች በባልዲ ትቀበለዋለች፤ ወለሉን ታጥብበታለች፣ ሽንት ቤት ትደፋዋለች። የዚያን ወር የውሃ ሂሳባችን ቀነሰ ብል ማን ያምነኛል?

ሕፃኑን ለደም ምርመራ ወሰድነው። በዲሲ ሕግ ማንኛውም ልጅ እስከ ሁለት ዓመቱ ገደማ ሁለት ጊዜ ለእርሳስ መመርመር አለበት፤ እኛ ግን እስከዚያ መጠበቅ አልቻልንም። በአሜሪካ ሐኪሞች ክትትል የሚጀምሩበት መጠን በአንድ ዴሲሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራም ነው። የልጃችን ውጤት ከዚያ በታች ሆነ፤ ዜሮ ግን አልነበረም። ሐኪሟ ዓመት ሲሞላው እንደገና እንደምታየው ነገረችን።

እኛ የቤቱ ባለቤት ስለሆንን ቅየራውን የፈቀድነው በአንድ ፊርማ ነው። ድጎማው የቤተሰቡ ገቢ ታይቶ ከፊሉን ወይም ሙሉውን ወጪ ይሸፍናል። የአክስቴ ልጅ ግን ተከራይ ነው። አከራዩን ሦስት ጊዜ ጠይቆት መልስ አላገኘም። በኒው ጀርሲ ግዛት የምትገኘው ኒዋርክ ይህን ችግር በሕግ ፈታችው። አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ባይገኝም ከተማው ገብቶ እንዲቀይር በ2019 ደነገገች፤ ወጪውንም ራሷ ቻለች። ከ20 ሺህ በላይ ቧንቧዎች በሦስት ዓመት ገደማ ተቀየሩ። እንደኔ ሌላውም ከተማ ከዚህ ቢማር ጥሩ ነው።

የእኛ ተራ የደረሰው በሁለተኛው ወር ነው። ሠራተኞቹ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መጡ። አንድ ጉድጓድ በግቢው ወሰን ላይ ቆፈሩ፤ ሌላ ደግሞ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ ሲሚንቶውን ሰብረው። መሃል ያለውን የግቢያችንን አትክልት ሳይነኩ አዲሱን የመዳብ ቧንቧ በመሬት ሥር አሳለፉት። ውሃው ቀኑን ሙሉ ተቋርጦ ዋለ። እኔና ባለቤቴ አንድ ጠርሙስ እንኳን አላስቀመጥንም ነበር። እማዬ ግን ማታውኑ ድስቱንም፣ ማንቆርቆሪያውንም፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳውንም ሞልታ ነበር ያደረችው። ለመጠጥ የሚሆነውን ለብቻው አጣርታ አስቀምጣለች። ለሠራተኞቹም በዚያው ቡና አፈላችላቸው።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ሠራተኛ በጓንት የያዘውን የአሮጌ ቧንቧ ቁራጭ ለልጄ አሳያት። እንዳትነካው ነግሯት ከአዲሱ መዳብ ጋር አስተያየላት። «ይሄ ብቻ ነው?» አለች፤ ትልቅ ነገር ጠብቃ ነበር።

ቅየራው ሲያልቅ የቧንቧዎቹን ጫፍ ማጥለያዎች ፈትተን አጠብን፤ ቀዝቃዛውን ውሃ በየፎቁ ከፍተን ለረጅም ጊዜ አፈሰስነው። እማዬ ባልዲዋን ይዛ ቆመች፤ ይሄኛው ውሃ የተነቃነቀ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ይፍሰስ ብለን ለመንናት። ከቅየራው በኋላም ለስድስት ወር በማጣሪያ መጠቀም ይመከራል። የሚያበቃበትን ቀን ልጄ በአማርኛ ጽፋ፣ በዚያው በላሊበላው ማግኔት ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች።