«ችላ የተባለ» በማን?

«ኔግሊጀንስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉት «ቸልተኝነት» ይላችኋል። ልክ ነው። እኛ ግን «ቸልተኛ ነው እኮ» ስንል ስለ ሰው ጠባይ ነው የምናወራው፤ ቀጠሮ የረሳ ጓደኛም ቸልተኛ ነው። በሕግ ቃሉ ከበድ ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ አይደርስም ብሎ የገፋበትን፣ ወይም ማወቅ ሲገባው ወይም ሲችል ሳያስብ ያደረገውን ሰው ቸልተኛ ይለዋል። ክፉ ሐሳብ አያስፈልግም።

የዚሁ ቃል ዘመድ «ኔግሌክትድ» ደግሞ በሽታ ላይ ተለጥፏል፦ «ችላ የተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች»። አንዱ ካላዛር ነው።

ከጣራ ገዳም ተራራ ግርጌ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ውስጥ ሰዎች ለወራት ትኩሳት ሲይዛቸው ቆየ። ሆዳቸው ተነፋ፣ ሰውነታቸው ከሳ። አካባቢው ወባማ ስለሆነ የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው። አልሻላቸውም፤ መድኃኒቱ የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ካላዛር መሆኑ የተለየው በ1997 ዓ.ም ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ገብተው ማከም ጀመሩ፤ በተከታዮቹ ዓመታት ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታከመ።

አሁን የአንቀጽ 59ን ጥያቄ እናንሳ። የወባ ኪኒን የሰጠችው ነርስ ማወቅ ነበረባት? እኔ አይመስለኝም። በሽታው እዚያ ከዚያ በፊት አይታወቅም፣ መመርመሪያውም በእጇ አልነበረም። በሁመራና በመተማ ግን ካላዛር ለአሥርት ዓመታት ይታወቅ ነበር። የሊቦና የፎገራ ወጣቶችም ለሰሊጥ ሥራ በየዓመቱ ወደዚያ ይወርዳሉ፤ በሽታውን ይዘውት የመጡት እነሱ ሳይሆኑ አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ከላይ ሆኖ ካርታ የሚያይ ሰው ይህን መገመት ይችል ነበር። ሕክምናውም ያኔ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ሰውነት የሚጎዳ የቀናት መርፌ ነበር። ታማሚው ድሃ ገበሬና የቀን ሠራተኛ ስለሆነ አዲስ መድኃኒት ለመሥራት የሚቸኩል ኩባንያ አልነበረም።

«ችላ የተባለ» የሚለው አባባል የማይመቸኝ ለዚህ ነው። ማን እንዳለው አይናገርም። ነርሷን ግን ስሟን ጠርቶ መውቀስ ቀላል ነው።

በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ ታንሳለች። በዋልካ አፈር ስንጥቅ ትደበቃለች፤ ስትበርም ድምፅ የላትም። ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርዳችሁ ከሆነና ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የወባ ሕክምና ካልሠራ፣ በግራ ጎናችሁ ጣፊያ ካበጠ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ካላዛር ይታይልኝ» በሉ። ከጣት የሚወሰድ አንዲት ጠብታ ደም ነው የሚፈልገው።