የሰፈር ዘዬ ያለው ራፕ

ሆሳዕና መናኸሪያ ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ቋንቋ መቁጠር ይከብዳል። ረዳቱ ተሳፋሪ የሚጠራው በአማርኛ ነው፤ ሂሳብ ላይ ሲጨቃጨቅ ወደ ሀዲይሳ ይዞራል። ከዱራሜ የመጣችው ነጋዴ ስልክ የምታወራው በከምባትሳ ነው፤ ከወዲያ ማዶ ስልጥኛና ጉራጊኛ ይሰማል። እዚህ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ጣሊያን ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ድብልቅ ዘፈን ውስጥ ሲገባ አገር ያከራክራል።

የጣሊያን ተቃዋሚ ራፕ ያደገው ወጣቶች ገብተው መሰብሰቢያ ባደረጓቸው ባዶ ሕንፃዎች ነው፤ «ቼንትሮ ሶቻሌ» ይሏቸዋል። የኔፕልሱ ቡድን 99 ፖሴ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1991 ከተያዘው ሕንፃ ከኦፊቺና 99 ነው። እኔን የሚገርመኝ ቋንቋቸው ነው። ኔፕልሶቹ በኔፕልስኛ፣ ሱድ ሳውንድ ሲስተም የተባለው ቡድን ደግሞ በደቡብ ጣሊያኗ በሳሌንቶ ዘዬ ዘፈኑ፤ ወላጆቻቸው እቤት በሚያወሩበት፣ ትምህርት ቤት በማይጻፍበት አፍ ማለት ነው። አልማሜግሬታ የተባለው ቡድን «የሐኒባል ልጆች» በሚለው ሥራው ነገሩን አከረረው፤ ሐኒባል የመራው የካርቴጅ ጦር ጣሊያን ውስጥ ዓመታት ከርሟልና ደማችን ውስጥ አፍሪካ አለ አለ።

ቀጥለው የስደተኛ ልጆች መጡ። ራፐሩ አሚር ኢሳ በ1978 ሮም ውስጥ ከግብፃዊ አባትና ከጣሊያናዊት እናት ተወለደ፤ ያደገበት ቶርፒኛታራ ዛሬ ብዙ ባንግላዴሻውያን የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በ2012 ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ አድርጎ ያወጣው ዘፈን የዜግነት ጥያቄ ነበር። በ1992ቱ ሕግ መሠረት ከውጭ ዜጎች እዚያ የተወለደ ልጅ ሳያቋርጥ ኖሮ 18 ዓመት ሲሞላው ያመለክታል፤ ለዚያውም አንድ ዓመት ብቻ ተሰጥቶት። አዋቂ ስደተኛ የሚጠብቀውን 10 ዓመት ወደ 5 ለማውረድ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ሕዝበ ውሳኔ ተጠርቶ፣ የወጣው መራጭ 30 በመቶ ገደማ ስለሆነ ውድቅ ሆነ።

የቱኒዚያውያን ልጅ የሆነው የሚላኑ ራፐር ጋሊ ጣሊያንኛን ከዓረብኛ ጋር ያዋህዳል። በ2022 በሜዲትራንያን ለሚሰምጡ ስደተኞች ነፍስ አድን ጀልባ ገዝቶ ሰጠ። ወደ ሆሳዕና ስንመለስ፣ ከሀዲያና ከከምባታ የሚሰደዱት ልጆች በብዛት የሚሄዱበት መንገድ ባሕር የለውም፤ በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ይደርሳል፤ በመሀል እስር ቤቶች አሉ።