ከብዶ የሚያሳርፍ ብርድ ልብስ

ባለፈው ጥር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቡሉኮዬን አጣጥፌ መታጠቢያ ቤት ያለው ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 3 ኪሎ ከ200 ግራም። ጋቢዬን ስደርብበት 4 ኪሎ ተኩል ሆነ።

እንቅልፍ ካጣሁ ወራት አልፈውኝ ነበር። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ወደ አልጋ ስሄድ ደክሞኛል፤ ዓይኔን ስከድን ግን ልቤ ድው ድው ማለት ይጀምራል፤ የቤት ኪራዩ፣ ሳልመልሰው የዋለው ስልክ፣ አገር ቤት የታመመው ዘመድ ተራ በተራ ይመጣሉ። ነርስ የሆነች ጓደኛዬ «ሐኪም ማየቱን እንዳትተዪ፤ እስከዚያው ግን ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ሞክሪ» አለችኝ። እዚህ ያለን ሰዎች «ዌይትድ ብላንኬት» እያልን በእንግሊዝኛ ስሙ ነው የምንጠራው። መጀመሪያ ያየሁት ከ200 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ቡሉኮዬን ወደ ሚዛን ያስወሰደኝ ያ ዋጋ ነው።

ዕቃው ራሱ ምሥጢር የለውም። ሁለት ጨርቅ ፊትና ጀርባ ሆኖ በትንንሽ አራት ማዕዘን ኪሶች ይሰፋል፤ በየኪሱ ደቃቅ የመስታወት ቅንጣት ወይም የፕላስቲክ ፍሬ ይገባል። ኪሶቹ ባይኖሩ ፍሬው ሁሉ ተንሸራቶ እግርጌ ይከመር ነበር። ከምናውቀው ብርድ ልብስ የሚለየው ለማሞቅ ሳይሆን ለመክበድ መሠራቱ ነው። ቡሉኮ የሚከብደው ስለሚወፍር ነው፤ ስለሚወፍርም ያሞቃል፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። መስታወት ግን ከውኃ ሁለት እጥፍ ተኩል ስለሚከብድ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ይመዝናል። ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚውለው ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ በአንጻሩ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው፤ ስለዚህ እኩል ክብደት ያለው የፕላስቲክ ብርድ ልብስ ወፈር ይላል፣ ሲገላበጡም ይንኮሻኮሻል። በስዊድን ደግሞ በፍሬ ፋንታ ቀጭን የብረት ሰንሰለት በረድፍ የተሰፋባቸው አሉ።

ሐሳቡ ወደ ሰው አልጋ የመጣው፣ ቢያንስ በአንድ በኩል፣ ከከብት በረት ነው። ቴምፕል ግራንዲን በ1947 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቦስተን ተወለደች። ኦቲዝም ያለባት ልጅ ነበረች። መታቀፍ ትናፍቃለች፤ ሰው ሲያቅፋት ግን ስሜቱ እንደ ደራሽ ውኃ ያጥለቀልቃትና ትሸሻለች። በወጣትነቷ አሪዞና ወደሚገኘው የአክስቷ የከብት እርባታ ስትሄድ፣ ከብቶች ክትባት ሲወጉ በግራና በቀኝ ጎናቸውን ጫን አድርጎ የሚይዝ አጥር አየች። ሲወራጩ የነበሩት አንዳንዶቹ፣ አጥሩ ሲይዛቸው ረጋ ይላሉ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ጭንቀቱ ሲበረታባት፣ እሷው ገባችበትና አክስቷን እንድትዘጋው ለመነቻት። ረጋች።

ከዚያ በኋላ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ገደማ ለራሷ የሚሆን ማሽን ከእንጨት ሠራች። ሁለት ስፖንጅ የለበሱ ሳንቃዎች ወደ ታች እየጠበቡ ይወርዳሉ፤ እሷ መካከላቸው ትገባለች፤ ምን ያህል እንደሚጫኗት የሚወስነው ደግሞ በራሷ እጅ የያዘችው ማንሻ ነው። ሲበቃት ትለቀዋለች። የዕቃው ልብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ሲያቅፋት መጠኑንም መጨረሻውንም የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር፤ ሳንቃው ሲጫናት ግን መያዣውም መልቀቂያውም የራሷ ሆነ። ግራንዲን ኋላ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆነች፤ በ1992 ጥልቅ ጫና ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች፣ በተማሪዎችና በእንስሳት ላይ ስላለው የማረጋጋት ውጤት ጽሑፍ አሳተመች።

በካሊፎርኒያ ደግሞ ጂን ኤርስ የምትባል የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባርን የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ፣ አንጎል ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣውን ስሜት እንዴት እንደሚያደራጅ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ ስትገነባ ነበር፤ ዋናው መጽሐፏ በ1972 ወጣ። ከእሷ መንገድ የተነሡ ቴራፒስቶች ለሚረበሹ ልጆች ክብደት ያለው ሰደርያና ብርድ ልብስ መጠቀም ጀመሩ። ለረጅም ጊዜ ይህ የክሊኒክና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ዕቃ ነበር። በ2017 ግን «ግራቪቲ» የሚባል ብርድ ልብስ ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ ወጣና ከ4.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ጭንቀት ያለበት አዋቂ ሰው ሁሉ ገበያ መሆኑ ታወቀ።

ይሠራል ወይ? ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር፤ ገንዘብ ላጣ ሰው ተስፋ መሸጥ ነውር ነውና።

በ2020 የታተመ የስዊድን ጥናት ከሁሉም በላይ አሳምኖኛል። ድብርት፣ ባይፖላር (የስሜት መዋዠቅ ሕመም)፣ የጭንቀት ሕመም ወይም ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ያለባቸውና እንቅልፍ ያጡ 120 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን 8 ኪሎ፣ ከከበደው 6 ኪሎ የሚመዝን የሰንሰለት ብርድ ልብስ ተሰጠው፤ ሌላው ተመሳሳይ መልክ ያለው ባለ ፕላስቲክ ሰንሰለት፣ ኪሎ ተኩል ብቻ የሆነ። ከአራት ሳምንት በኋላ፣ የእንቅልፍ እጦት መለኪያቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው ከከባዱ ወገን 59 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ ከቀላሉ ወገን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጉድለቱን ግን መደበቅ አልፈልግም፦ መድኃኒትን በባዶ ክኒን መተካት ይቻላል፤ ክብደትን ግን ከተሸከመው ሰው መደበቅ አይቻልም። ከባዱን ያገኘ ሰው ከባድ መሆኑን ያውቃል፤ ተስፋውም አብሮ ይከብዳል።

ልጆች ላይ ውጤቱ ሌላ ነው። በ2014 በእንግሊዝ ኦቲዝም ያለባቸው 67 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከባዱ ብርድ ልብስ የእንቅልፍ ሰዓታቸውን እንዳልጨመረ አሳየ። ልጆቹም ወላጆቻቸውም ግን ከባዱን ነው የወደዱት። በ2022 ከስዊድኗ ኡፕሳላ የወጣ አነስተኛ ጥናት ደግሞ 26 ወጣቶች ከራሳቸው ክብደት 12 በመቶ ያህል የሚመዝን ብርድ ልብስ ሲለብሱ፣ ሰውነት ለእንቅልፍ ሲዘጋጅ የሚያመነጨው ሜላቶኒን በምራቃቸው ውስጥ ከፍ ማለቱን አገኘ፤ የተኙበት ሰዓት ግን አልረዘመም። እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ ለአንዳንድ አዋቂዎች በእርግጥ ያሳርፋል፣ ጭንቀትን ግን አይፈውስም። በ200 ዶላር ሳይሆን በአነስተኛ ዋጋ ሊሞከር የሚገባውም ለዚህ ነው።

ደግነቱ ዋጋው ወርዷል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከ30 እስከ 60 ዶላር ባለው ዋጋ በቂ የሆነ ይገኛል። በተለምዶ የሚመከረው ከራስ ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ይህ ከልምድ የመጣ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ኪሎ ይፈልጋል፤ እዚህ የሚሸጡት በፓውንድ ስለሚለኩ 12 ፓውንዱ (5.4 ኪሎ) ወይም 15 ፓውንዱ (6.8 ኪሎ) ይቀርበዋል። ሲጠራጠሩ ቀላሉን መውሰድ ይሻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በስፋቱ ነው፦ ለአልጋው ልክ ይገዛል። መለካት ያለበት የተኛው ሰው ነው። ከአልጋው ጠርዝ የተንጠለጠለው ክብደት ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ልብሱን ወደ ወለል ይጎትተዋል።

ያገለገለ መግዛትም ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ሞቀኝ ብሎ በወሩ ይሸጠዋል። ሲገዙ ስፌቱን በጣት ይዳብሱ፤ አንድ ኪስ ከተተረተረ ሌሊት አልጋ ላይ ቅንጣት ይፈሳል። ለብቻው የሚወልቅ ሽፋን ያለውን ይምረጡ፤ ውስጡ ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ ስለሚጨምር የቤት ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሊጎዳ ይችላል። ስዊድን የምትኖሩ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የሕክምና ጣቢያችሁን ጠይቁ፤ አንዳንድ ክልሎች በባለሙያ ትእዛዝ እንደ ረዳት መሣሪያ ይሰጡታል።

መስፋት የሚችል ሰው ከዚህም ባነሰ ይወጣዋል። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቼዋለሁ፦ ጨርቁ 120 በ180 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በ12 ሴንቲ ሜትር ኪስ ሲከፈል በወርዱ 10፣ በርዝመቱ 15፣ ባጠቃላይ 150 ኪስ ይወጣዋል። በየኪሱ 40 ግራም ቢገባ ልክ 6 ኪሎ ይሞላል። ሁለቱ ጨርቆች በሦስት ጎን ይሰፋሉ፤ ከላይ እስከ ታች በሚወርዱ መስመሮች 10 ቦይ ይወጣል፤ በየቦዩ 40 ግራም ይፈስና ቅንጣቱ ታች ሲያርፍ በአግድም ይሰፋበታል፤ እንዲህ እየተባለ 15 ጊዜ ወደ ላይ። ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ የስፌት ማሽኑን ደግሞ ከማስኬድ በፊት ቅንጣቱን በእጅ ከመርፌው ማራቅ ያስፈልጋል። ሩዝ ወይም ባቄላ መሙላት ርካሽ ይመስላል፤ ግን አይታጠብም፣ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ነቀዝም ይጠራል።

አገር ቤት ላለ አንባቢ ደግሞ ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ሌሊቷ ይበርዳል፤ የቡሉኮ ሙቀት እዚያ ሸክም አይሆንም። ሁለት ቡሉኮ፣ ወይም ከመንዝ ሱፍ የተሠራ ባና ላይ ጋቢ ተደርቦ፣ ወደሚፈለገው ክብደት ይጠጋል። በነሐሴ ሜሪላንድ ውስጥ ወይም ዱባይ ላይ ግን ያው ድርብርብ ያንቃል፤ የመስታወት ቅንጣት ዋጋውን የሚያወጣው እዚያ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በ2008 ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ኦቲዝም የነበረበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በእንዲህ ያለ ብርድ ልብስ ከተጠቀለለ በኋላ ሞተ። በ2022 አሜሪካ ውስጥ የአራትና የስድስት ዓመት ሁለት ሴት ልጆች ከባድ ብርድ ልብስ ሽፋን ውስጥ ገብተው መውጣት አቅቷቸው አለፉ፤ ከዚያ በኋላ 204,000 ያህል ብርድ ልብሶች ከገበያ ተሰበሰቡ። ለሕፃን ፈጽሞ አይሆንም። እናቶቻችን ሕፃን ጠቅልለው እሹሩሩ ሲሉ ያረጋው የነበረው ሳሳ ያለ ጨርቅና የራሳቸው ገላ ነው፤ ኪሎ አይደለም። ለትንሽ ልጅ ያለ ባለሙያ ምክር አይሰጥ፤ እንደ ቅጣት ወይም ልጅን አስሮ ለመያዝ ደግሞ በጭራሽ። አስም፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የመቆራረጥ ችግር፣ የልብ ወይም የደም ዝውውር ሕመም ያለበት አዋቂም መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እኔ በመጨረሻ 12 ፓውንዱን፣ ባለ መስታወቱን፣ በ45 ዶላር ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች እንግዳ ሰው አልጋዬ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ፤ በሦስተኛው ረሳሁት። ልቤ አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይነሣል፤ ቶሎ ይመለሳል።

በሰኔ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ጠርዙን ይዛ አነሣችና «ይኼ ምን የተሸከመ ነው?» አለች። «ተኝተሽ ሞክሪው፣ እማዬ» አልኳት። ተኛች፤ አለበስኳት፤ ፊቷ ሲላላ አየሁ። «እስቲ አሁን ብቻሽን ግፈፊው» አልኳት። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ትከሻዋንም ያማታል። በአንድ እጇ ሞከረች፣ በሁለቱም ሞከረች፤ ግማሹን አንሸራትታ ቆመች። ገፍፌ አጣጠፍኩትና ቡሉኮዋን አለበስኳት።