የማይታየውን ጋዝ በምን አወቁት?

በቢቸናም ሆነ በሞጣ መብራት በጠፋበት ጥርት ያለ ምሽት ሰማዩን ቀና ብለው ቢመለከቱ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ነጣ ያለ ጎዳና ያያሉ። በግእዝ ፍኖተ ሐሊብ፣ የወተት መንገድ ይባላል። ዐረቦች ደግሞ ደርብ አት-ተባና፣ የጭድ ተሸካሚዎች መንገድ ይሉታል። ከጤፍ አውድማ የተጫነች አህያ ጭድ እያንጠባጠበች ስትሄድ ላየ የጎጃም ልጅ ስሙ እንግዳ አይሆንበትም። ይህ ጎዳና እኛም ያለንበት ጋላክሲ ነው።

ሊቃውንት የጋላክሲያችንን ከዋክብትና ጋዝ ቢደምሩ ሂሳቡ አልሞላ አላቸው። መኖር ከነበረበት ቁስ ብዙው ጠፋ። ወዴት ሄደ?

እ.ኤ.አ. በ2012 አንጃሊ ጉፕታ የመራችው፣ ስሚታ ማቱርም ያለችበት ቡድን አንድ መልስ አቀረበ። ጋላክሲያችንን እጅግ የሳሳ ጋዝ ከቦታል፤ ሙቀቱም ከ1 እስከ 2.5 ሚሊዮን ዲግሪ ይደርሳል።

አንዲት የሞጣ ተማሪያችን ይህን ሰምታ፣ «ኡስታዝ፣ ካልታየ በምን ታወቀ?» አለችን።

እኛም እንዲህ አልናት፦ ስም ስንጠራ «አቤት» ካላለ፣ ፊቱን ባናይም ማን እንደቀረ እናውቃለን። ብርሃንም እንደዚሁ ነው። ቡድኑ ከሩቅ የሚመጣ የስምንት ደማቅ አካላትን ኤክስሬይ ተነትኖ ሲያይ፣ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ጨረሩ ጎድሎ ተገኘ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ድርሻ ብቻ ስለሚውጥ ጉድለቱ የዋጪውን ስም ይናገራል። የዋጠውም ኦክስጅን ነበር፤ ከ8 ኤሌክትሮኖቹ 6ቱን ወይም 7ቱን ሙቀት የገፈፈው።

ኤክስሬይን የምድር አየር ያግደዋል። ስለዚህ በእንጦጦ ያሉት ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። መሣሪያው ከአየር በላይ መውጣት ነበረበት። ቻንድራ የተባለውን የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ኅዋ ያደረሰችው መንኮራኩር ኮሎምቢያ ስትሆን፣ አዛዧ አይሊን ኮሊንስ የጠፈር መንኮራኩር ያዘዘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ጉድለቱ በጨረሩ መንገድ ላይ ምን ያህል ጋዝ እንዳለ ይነግረናል እንጂ ጋዙ እስከ የት እንደተዘረጋ በቀጥታ አይነግረንም። ቡድኑ ስፋቱን በመቶ ሺዎች በሚቆጠር የብርሃን ዓመት፣ ክብደቱንም ከ10 ቢሊዮን ፀሐይ በላይ፣ ምናልባትም 60 ቢሊዮን ፀሐይ ያህል ገምቷል። ግምት ግምት ነው፤ ሊስተካከል ይችላል።

ያቺ ልጅ ጥያቄዋን ከመለስንላት በኋላ አንገቷን ደፍታ፣ «ቤት ውስጥ ፊዚክስ ለሴት ምን ያደርጋል ይሉኛል» አለችን። ወላጆች ሆይ! ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱም ስሞች የሴቶች ናቸው። የጠፋውን የሚፈልግ ጠያቂ ከቤታችን ሲገኝ፣ ደብተሩን ከእጇ አንንጠቃት። ወላሁ አዕለም።